ሊፖሶም በሕመም ሕክምና

ሊፖሶም ፎስፎሊፒድ ከተባለ የስብ ዓይነት በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበበ፣ በውስጡ መድኃኒት መያዝ የሚችል እጅግ ደቃቅ ከረጢት ነው። የሽፋኑ ውፍረት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን፣ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሊፖሶምን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የገለጸው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አሌክ ባንግሃም ነው።

ለሕመም ሕክምና የተፈለገው መድኃኒቱን በዝግታ ስለሚለቅ ነው። ቡፒቫኬይን የተባለው ማደንዘዣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በቁስሉ ዙሪያ ሲወጋ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሕመሙ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሞርፊን ወይም መሰሎቹ ይሰጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ መጠናቸው ሲበዛ ያስታውካሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ትንፋሽም ያዳክማሉ። በሊፖሶም የታሸገው ቡፒቫኬይን ግን ከረጢቶቹ በተራ ሲፈርሱ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህ መድኃኒት ኤክስፓሬል በሚል ስም በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። (ቅንጣቱ በውስጡ ብዙ ክፍሎች ስላሉት መጠኑ በማይክሮሜትር ይለካል፤ ናኖ የሚባለው በጥብቅ ትርጉም ሽፋኑ ነው።) ዋጋው ከተራው እጅግ ይበልጣል። ሆኖም በ2021 እ.ኤ.አ. አኔስቴዚዮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጡ ግምገማዎች ከተራው ቡፒቫኬይን ያለው ብልጫ አነስተኛ ወይም ጭራሽ የሌለ መሆኑን አሳይተዋል። ማስታወቂያው ከማስረጃው ቀድሟል ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ሊፖሶም ይበልጥ የሚታወቀው በካላዛር ሕክምና ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ለሚገኘው ለዚህ በሽታ፣ በተለይ በጠና ለታመሙና ኤችአይቪ ላለባቸው፣ አምቢሶም የተባለው መድኃኒት ይሰጣል። በውስጡ ያለው አምፎቴሪሲን ቢ ብቻውን ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከ100 ናኖሜትር ባነሰ ከረጢት ሲታሸግ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። ጥገኛ ተሕዋስያኑ የተደበቁባቸው ሕዋሳትም ከረጢቶቹን ራሳቸው ይውጧቸዋል። ነርቭ እንዲህ አያደርግም፤ በሕመም ሕክምና ሊፖሶም ከማከማቻነት ብዙም አላለፈም።

ከረጢቱ ከስብ ስለተሠራ ሙቀት ያበላሸዋል። ያልተከፈተ አምቢሶም ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቀመጥ የለበትም። ኤክስፓሬል ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ ከማቀዝቀዣ ውጭም ከ25 ዲግሪ ሳያልፍ የሚቆየው ቢበዛ 30 ቀን ነው። ለይፋት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ቀን ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ የሚጫን መድኃኒት የደብረ ብርሃንንና የጣርማ በርን ብርድ አልፎ በደብረ ሲና ቁልቁል ወደዚህ ሙቀት ይወርዳል። ተራው ቡፒቫኬይንም ሆነ የሚጠጣው ሞርፊን ግን ማቀዝቀዣ አይሹም።