ርካሽ ራውተር እንዴት እንምረጥ? እንዴትስ እናዘጋጀው?

የሒሳብ ባለሙያ በሆነ ወዳጄ ቢሮ ነው፤ የታክስ ማስታወቂያ የሚላክበት የመጨረሻው ቀን። የእንግዳ መቀበያው ክፍል ዋይፋይ አይደርሰውም ሲለኝ፣ ከቤቴ ያመጣሁትን አሮጌ የዋይፋይ ራውተር ከግድግዳው ኬብል ጋር አገናኝቼለት ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ከኮምፒውተሮቹ ግማሾቹ ኢንተርኔት የላቸውም፤ ፕሪንተሩም አይታይም። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት አድራሻ ይጠይቃል፤ ራውተር ውስጥ ያለው ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎትም ይሰጠዋል። በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት ሰጪዎች ካሉ ኮምፒውተሩ ቀድሞ የደረሰውን ይቀበላል። ከአሮጌው ራውተር የተቀበሉት ሁሉ ኢንተርኔት ወደሌለበት በር ተላኩ ማለት ነው።

ወዳጄ በማግስቱ "ሁነኛ ራውተር ግዛልኝ፤ ውድ ግን አይሁን" አለኝ። በበኩሌ፣ ገዢ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "ስንት መሰኪያ አለው?" ብሎ ሳይሆን "መሰኪያዎቹን መለያየት ይቻላል ወይ?" ብሎ ነው እላለሁ። የጎደለዎት መሰኪያ ብቻ ከሆነ ስዊች ይግዙ፤ ይረክሳል። በብዙዎቹ ርካሽ የቤት ራውተሮች አንዱ መሰኪያ ለኢንተርኔት ሲሆን፣ የቀሩት አራቱ እንደ አንድ ስዊች የተጣመሩ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ፍጥነት ነው። ባለ 100 ሜጋቢት መሰኪያ ለብዙ ቢሮዎች የኢንተርኔት መስመር ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን 10 ጊጋባይት ፋይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት ቢያንስ 13 ደቂቃ ይፈጃል፤ በጊጋቢት መሰኪያ ግን ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ሊበቃው ይችላል።

እኔ የመረጥኩት የላትቪያው ኩባንያ ማይክሮቲክ የሚሠራውን ሄክስ የተባለ ራውተር ነው። አምስት የጊጋቢት መሰኪያዎች አሉት፤ የኩባንያው ዋጋ 60 ዶላር ገደማ ነው። እያንዳንዱን መሰኪያ ራሱን የቻለ ኔትወርክ ማድረግ ይቻላል። ሁለት የኢንተርኔት መስመር ያለው ቢሮም አንዱ ሲቋረጥ ሌላው እንዲተካው ማድረግ ይችላል። ዋይፋይ ግን የለውም።

አዘገጃጀቱ ይህን ይመስላል። የኢንተርኔቱን ኬብል አንደኛው መሰኪያ ላይ፣ ኮምፒውተርዎን ሁለተኛው ላይ ይሰኩና በብራውዘር 192.168.88.1 ብለው ይግቡ። ከሁሉ በፊት የይለፍ ቃሉን ይቀይሩ፤ ቀጥሎ ሶፍትዌሩን ያድሱ። ይህን ቸል ማለት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በማይክሮቲክ ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ ኩባንያው በሚያዝያ ወር ደፍኖት ነበር፤ ይሁንና ባለቤቶቻቸው ያላደሷቸው እጅግ ብዙ ራውተሮች ከወራት በኋላ በሰርጎ ገቦች እጅ ወደቁ።

ከዚያ አምስተኛውን መሰኪያ ከሌሎቹ ነጥለው የራሱን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.50.1፣ እንዲሁም የራሱን ዲኤችሲፒ ይስጡት። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ራውተር ሥራው ኔትወርኮችን ማገናኘት ስለሆነ፣ መነጠል ብቻውን እንግዳውን ከሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር አያግደውም፤ በፋየርዎሉ ላይ ከእንግዶች ወደ ቢሮው የሚሄደውን የሚከለክል ትእዛዝ መጨመር ያስፈልጋል።

ያ ጣጣ ያመጣው አሮጌ ራውተርም አልተጣለም። ዲኤችሲፒውን አጠፋሁ፤ አድራሻውን 192.168.50.2 አደረግሁ፤ ከአምስተኛው መሰኪያ የመጣውን ኬብልም በኢንተርኔት መግቢያው ሳይሆን ከአራቱ በአንዱ ሰካሁት። አሁን እንግዶችን በዋይፋይ ያስተናግዳል።

በመጨረሻም ያዘጋጁትን ሁሉ በፍላሽ ያስቀምጡ። ራውተሩ የሚወስደው ጥቂት ዋት ስለሆነ፣ መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ከኢንተርኔት መስመሩ ሞደም ጋር ዩፒኤስ ላይ ይሰኩት። ሥራውንም ቢሮው በተዘጋበት ቅዳሜ ከሰዓት ይሥሩት፤ የታክስ ቀን ላይ አይንኩት።