ሞላው አልተበጠሰም

የአባቴ ሰዓት ባለ 17 ዕንቁ የስዊስ ሥራ ነው፤ ባትሪ አያውቅም። አባቴ በየማለዳው መሙያውን 20 ጊዜ ያህል ያዞርና ጣቱ ላይ ሲጠብቅበት ይተወው ነበር። ጠቋሚዎቹን በእኛ አቆጣጠር ስለሚያስተካክል፣ ቀትር ላይ አጭሩ 6ን ያሳይ ነበር። እኔ እጅ ሲገባ ግን መሙያው አልጠብቅ አለ። 60 ጊዜ ባዞረውም ማለቂያ የለውም። ሰዓቱ ትንሽ ይሄድና ቀጥ ይላል።

አንድ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ እንኳ ሳያይ «ሞላው ተበጥሷል፣ ዕቃ አይገኝም» አለኝ። አመንኩት። (ሞላ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው፤ ሰዓት «መሙላት» ከምንለው ጋር መገጣጠሙ ሁሌም ይገርመኛል።)

ክረምት ላይ ነቀምቴ ሄድኩ። የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ጎብኝቼ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ደጃፍ ተጠለልኩ። ውስጥ አንድ አዛውንት ሰዓት ይጠግናሉ።

«ሞላው ተበጥሶ ነው፣ አባባ» ብዬ የአባቴን ሰዓት ሰጠኋቸው።

«ማን አየው?»

ሰዓቱን ጆሯቸው ሥር አድርገው፣ ዝናቡ ጋብ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ሞሉት። «ስማ፤ ቀጭ ቀጭ ይልና ይዘላል። ሞላው ቢበጠስ ድምፁ ሳይቆራረጥ ይሰማ ነበር። ደግሞስ ሞላ የሌለው ሰዓት ትንሽም ቢሆን በምን ይሄዳል?» መሙያውን ለቀቁት። ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ማገጃውም ደህና ነው ማለት ነው።

ጀርባውን ከፈቱ፤ በሞላው ውስጥ የቀረውን ኃይል ቀስ አድርገው አስለቀቁ፤ ማጉያውንም ለእኔ ሰጡኝ። ከመሙያው አጠገብ ሁለት ጥርሳም መዘውሮች አሉ። ትንሹ ሲነኩት ይነቃነቃል፤ ከትልቁ ጋር አንዴ ይያያዛል፣ አንዴ ያመልጣል። አጥብቆ ሊይዘው የሚገባው ቪቴ አናቱ ላይ ሦስት ጭረት አለው፤ መካከለኛው በካቻቪቴ ተቦጭቋል። በወረንጦ ሲነኩት አናቱ ብቻ ተነሣ። አንገቱ ተቀንጥሷል።

«ግራኝ ነው» አሉኝ። ሰዓት ሲሞላ ይህ መዘውር ወደ ግራ ስለሚዞር፣ ተራ ቪቴ ቢሆን ኖሮ አብሮት ይላላ ነበር። ስለዚህ በተቃራኒ ተቀርጿል፤ ሦስቱ ጭረቶችም ምልክቱ ናቸው። ድሮ ሰዓቱን ሊያጥብ የፈታ ሰው እንደ ለመደው ወደ ግራ አዞረ፤ ፈታሁ ሲል አጠበቀው፣ እስኪሰበር።

ውስጥ የቀረውን ስባሪ በመርፌ ጫፍ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ቀኝ እየገፉ አወጡት። እዚህ ላይ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ከዚያ የሞቱ ሰዓቶች ከተጠራቀሙበት የከረሜላ ቆርቆሮ ቪቴ እያወጡ ሞከሩ። አራተኛው ገጠመ።

«በል ሙላው።»

ቆጠርኩ። 22 ላይ አውራ ጣቴ ሥር ጠበቀ።

ሞባይሌን አይቼ ጠቋሚውን 10 ሰዓት ላይ አደረግኩት፤ በእኛ።