«ሶሪ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ወንድ አያቴ ያረፉ ጊዜ አሜሪካን አገር ተወልዶ ያደገው የአክስቴ ልጅ ለቅሶ ለመድረስ ከእናቱ ጋር መጣ። 14 ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ አስቦ ነው። ድንኳኑ ውስጥ እንደ ገባ ሴት አያቴ ፊት በርከክ አለና እጃቸውን ይዞ «እማማ፣ ይቅርታ» አላቸው።

እማማ ለቅሷቸውን አቋርጠው ትክ ብለው አዩት። «ምን አደረግህ ልጄ? አንተ ምን አጠፋህ?»

ልጁ ግራ ተጋባ። አክስቴ ከኋላ ሆና «ሶሪ ማለቱ ነው» ብላ ገላገለችው። በለቅሶ መሐል ፈገግ ያሰኘን ነገር ቢኖር ይኼ ነበር። እኔ ግን ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ፣ ቃል መምረጥም እንጀራዬ ስለሆነ፣ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። በቀን ስንት ጊዜ «ሶሪ» እንላለን? ታክሲ ውስጥ እግር ስንረግጥ፣ ቀጠሮ ስናረፍድ፣ ስልክ ሳናነሳ ስንቀር፣ ከትዳር አጋራችን ጋር ስንጋጭ። ለመሆኑ እርስዎ ይህን ቃል ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?

ከቁስል የተወለደ ቃል

«ሶሪ» በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ነበር፤ የተጨነቀ፣ ያዘነ፣ ልቡ የታመመ ማለት ነው። «ሳሪግ» ደግሞ የወጣው «ሳር» ከሚል ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሕመም፣ ቁስል። ዛሬ እንግሊዞች የሚያም ወይም የቆሰለ አካልን «ሶር» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። ሐዘን የሚል ትርጉም ያለው «ሶሮው» የሥጋ ዘመዱ ይመስላል፤ ግን ከሌላ ሥር የመጣ ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ስለተቀራረቡ በዘመናት ብዛት ተጎራብተው ኖሩ እንጂ አንድ ቤት አልተወለዱም።

ስለዚህ በመነሻው «ሶሪ» የሚለው ሰው ጥፋቱን እየተናዘዘ አልነበረም። «አሞኛል፣ አዝኛለሁ» እያለ ነበር። ጥፋትን የማመን ትርጉም በላዩ ላይ ተደረበበት እንጂ የቀድሞውን አላስለቀቀውም። ለዚህ ነው ፈረንጅ ለቅሶ ቤትም ገብቶ፣ ሰው ረግጦም አንዱኑ ቃል የሚለው። የተጎሳቆለና የኮሰሰ ነገርም «ሶሪ» ይባላል። ሳይሰሙ ሲቀሩም ድምፅን ከፍ አድርጎ «ሶሪ?» ማለት «ምን አሉኝ?» ነው። የአክስቴ ልጅ እንግዲህ አልተሳሳተም፤ ሁለት ኪስ ካለው ቃል የማይሆነውን ኪስ ነው የከፈተው።

ዘመዶቹስ?

የቅርብ ዘመዶቹን ብናይ እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። «አፖሎጂ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ መነሻ ትርጉሙ በችሎት ፊት የሚቀርብ መከላከያ ንግግር ነው። የፕላቶን ታዋቂ መጽሐፍ «የሶቅራጥስ አፖሎጂ» የሚባለውም ሶቅራጥስ ስለተጸጸተ አይደለም፤ እንዲያውም ለከሳሾቹ አልተንበረከከም። «ኤክስኪውዝ» ከላቲን ሲሆን ከክስ መውጣት ማለት ነው። «ሪግሬት» በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ለሞተ ሰው ማልቀስ፣ ሙሾ ማውረድ ነበር። «ፓርደን» ደግሞ ከላቲኑ «ፈጽሞ መስጠት» የመጣ ነው፤ «ፎርጊቭ» የሚለውም በውስጡ «መስጠት» የሚል ቃል ይዟል።

ልዩነቱን ያዩታል? አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ ከክስ ያመልጣል፣ አንዱ ይሰጣል። ስንተረጉማቸው ግን ሁሉንም «ይቅርታ» ብለን እናልፋለን።

አንድ ቃል 24 ሰው ሲያስፈታ

ይህ ልዩነት የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2001 አንድ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላንና አንድ የቻይና ተዋጊ ጄት በደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ተጋጩ። ቻይናዊው አብራሪ ሞተ፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ከነ24 ሠራተኞቹ ሃይናን ደሴት ላይ ያለ ፈቃድ አረፈ። ቻይና «ጥፋታችሁን አምናችሁ ይቅርታ ጠይቁ» አለች። አሜሪካ «አላጠፋንም» አለች። ሠራተኞቹ ተይዘው ቆዩ።

መፍትሔው «ቬሪ ሶሪ» የሚሉትን ቃላት ሁለት ጊዜ የያዘ ደብዳቤ ሆነ፤ አንዱ ለአብራሪው ሞት፣ ሌላው ያለ ፈቃድ ስለማረፍ። አሜሪካኖቹ «አዘንን እንጂ አላመንም» አሉ፤ ቻይናዎቹ «ይቅርታ ተጠየቅን» ብለው ለሕዝባቸው ተናገሩ። በ11ኛው ቀን ሠራተኞቹ ተለቀቁ። ከዚያ ከጥንቱ ቁስል የወረሰው ድርብ ትርጉም ሁለቱንም መንግሥታት ከነክብራቸው አሳደራቸው።

አውስትራሊያ ውስጥ ግን ሕዝቡ ሌላ ቃል አልቀበልም አለ። መንግሥት ከነባር ነዋሪዎች ቤተሰቦች ልጆችን እየነጠቀ ለአሥርት ዓመታት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ለፓርላማ ያቀረቡት ሐሳብ «ሪግሬት»ን፣ ማለትም ጸጸትን ይገልጻል፤ «ሶሪ» ግን አይልም። ቁስለኞቹ ይህ አልበቃቸውም። በየካቲት 13 ቀን 2008 ተተኪያቸው ኬቨን ራድ በዚያው ፓርላማ «ሶሪ» ሲሉ፣ በየአደባባዩ በቴሌቪዥን ይከታተል የነበረው ሕዝብ አለቀሰ።

የእኛዎቹ ቃላት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አማርኛ ፈረንጅ በአንድ ቃል የጠቀለለውን ለያይቶ አስቀምጦልናል። ሰው ሲሞትበት «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንላለን። ሲታመም «እግዜር ይማርሽ»፣ ሲከፋው «አይዞህ»። አንድ ሰው ሲደናቀፍ ደግሞ «እኔን!» እንላለን። እስቲ ይህችን ቃል ልብ ይበሏት፤ «ሕመሙ ለእኔ ይሁን» ማለት እኮ ናት።

ላጠፉት ጥፋት ደግሞ ሌላ መዝገብ አለን። «ማረኝ» ከግዕዙ ምሕረት ጋር አንድ ሥር ነው። በተለይ በሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድ የምንሰማው «አፉ በለኝ» ከአረብኛ የመጣ ነው። «ይቅርታ» ራሱ «ይቅር» ከሚለው የወጣ ነው፤ በደሉ ይቅር፣ ይተው ማለት። እዚህ ላይ ከ«ሶሪ» ጋር ትልቅ ልዩነት አለ። «ሶሪ» ስለ ተናጋሪው ስሜት የሚነገር ነው፤ ብሎት መሄድ ይችላል። «ይቅርታ» ግን ልመና ነው፤ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። መልሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ነው፤ ሥልጣኑ የተበዳዩ ነው።

አባቶቻችን ይህን በአካላቸው ጭምር ይናገሩት ነበር። በ1886 ዓ.ም. ራስ መንገሻ ዮሐንስ አዲስ አበባ መጥተው ለዳግማዊ ምኒልክ ሲገብሩ ድንጋይ ተሸክመው ነበር የቀረቡት። ድንጋዩን «አውርድ» የሚለው ሌላው ወገን ነው።

ቤታችንና ቢሯችን

አሁን የራሴን ልንገርዎት። አንድ ጊዜ የምሠራበት ድርጅት ዕቃ በቀጠሮው ሳያደርስ ቀረ። እኔም እንደ ልማዳችን «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል መልእክት ጽፌ ለደንበኞች ላክሁ። ለልጃቸው ሠርግ ያዘዙት ዕቃ የዘገየባቸው አንዲት እናት ደወሉልኝ። አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ መጉላላቱን ማን ፈጠረው? በራሱ ነው እንዴ የተፈጠረው?» ብቻ አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። «ይቅርታ» የሚለውን ቃል ጽፌ ጥፋተኛውን ግን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ባልነው ቀን አላደረስንም። ጥፋቱ የእኛ ነው። በዚህ ቀን እናደርሳለን። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ይህ ቤት ውስጥም ይሠራል። ባለቤትዎን ያስከፋ ነገር አድርገው ከሆነ፣ በር ላይ ቆመው «ሶሪ በቃ!» ከማለት «ትናንት እንግዶች ፊት ያልሁት ልክ አልነበረም፤ ይቅር በለኝ» ማለት ይሞክሩ። «ሶሪ፣ ግን አንተም…» ያሉ እንደሆነ ወደ ግሪኩ ችሎት ተመልሰዋል፤ ያ መከላከያ ነው። ልጅዎ እህቱን መትቶ «ሶሪ» ብሎ ሲሮጥ ጠርተው «ለምኑ?» ብለው ይጠይቁት። እርስዎም በልጅዎ ላይ ያለ ጥፋቱ ከጮኹ ይቅርታ ይጠይቁት፤ ወላጅነትዎ አይቀንስም። ጥፋት ሳይኖርብዎ ሰው ካዘነብዎ ደግሞ ይቅርታ አያስፈልግም፤ «አይዞሽ» ይበቃል።

የአክስቴ ልጅ ወደ አሜሪካ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቡና ሲያቀራርብ የአያቴን የቡና ሲኒ ከእጁ ጥሎ ሰበረው። ሟች አባባ ጠዋት ጠዋት ይጠጡበት የነበረውን። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ «ሶ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እማማ ፊት ሄዶ ቆመ። «እማማ፣ የአባባን ሲኒ ሰበርሁት። ይቅርታ።»

እማማ ስብርባሪውን ትንሽ አዩት። ከዚያ ልጁን ወደ ጉያቸው ሳቡትና «አሁን ቦታው ነው» አሉት። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ።»