የድምፅ ዋጋ በላውንድስ አውራጃ

በጦር ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ «አቤት» ያላለ ወታደር ሁሉ ኮብላይ አይባልም። አስቀድሞ የቀረበት ምክንያት ይጠየቃል፤ ታሞ ወይም በግዳጅ ላይ ሆኖ፣ አለዚያም መንገድ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል። የምርጫ መዝገብም እንዲሁ ሊነበብ ይገባዋል ብለን እናምናለን። የመራጩ ቁጥር አነሰ ሲባል «ሕዝቡ ግድየለሽ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ በገበሬው ደጃፍና በድምፅ መስጫው ሣጥን መካከል ምን እንደ ቆመ መመርመር ያሻል። ለዚህም በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት የምትገኘውን የላውንድስን የገጠር አውራጃ ምስክር አድርገን እንጠራለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላውንድስ በሰልማና በሞንትጎመሪ ከተሞች መካከል የተዘረጋች የጥጥ ምድር ነበረች። በ1960 ከ15 ሺህ ያህል ነዋሪዎቿ ከመቶ ሰማንያ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በነጭ ባለርስቶች መሬት ላይ በእኩል የሚያርሱ ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ሆኖም 1965 ሲጠባ በመራጮች መዝገብ ላይ የሰፈረ የአንድ ጥቁር ስም እንኳ አልነበረም። በአንጻሩ የተመዘገቡት ነጮች ቁጥር ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰው ነጮች ቁጥር ይበልጥ ነበር፤ የሞቱትና አውራጃውን የለቀቁት ሰዎች ስም ከመዝገቡ አልተፋቀም ነበርና።

ይህ ባዶ ቁጥር ከግድየለሽነት የመጣ አልነበረም። ለመመዝገብ የቀረበ ጥቁር የንባብና የሕግ ፈተና ይደቀንበት ነበር፤ አልፏል ወይም ወድቋል የሚሉትም መዝጋቢዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ከፈተናው የሚከፋው ግን ፍርሃቱ ነበር። ስሙን ለማስመዝገብ የደፈረ ገበሬ የሚያርሰውን መሬትና የሚያድርበትን ጎጆ በአንድ ቀን ሊያጣ ይችል ነበር።

ይህም ሆኖ በመጋቢት 1965 ጆን ሂውሌት የተባለ የአውራጃው ተወላጅ ከጥቂት ጎረቤቶቹ ጋር ወደ መዝጋቢዎቹ ቀረበ። በዚያው ወር እርሱና አንድ ዓይነ ስውር ሰባኪ ስማቸውን አሰፈሩ። ነሐሴ 6 ቀን 1965 የመምረጥ መብት ሕግ ሲፈረም የንባቡ ፈተና ታገደ፤ የፌዴራል መንግሥት መዝጋቢዎችም ወደ አውራጃው ተላኩ። ዓመቱ ሳያልቅ ተመዝግባችኋል ተብለው ከመሬታቸው የተባረሩ ቤተሰቦች በአውራ ጎዳናው ዳር ድንኳን ተክለው ሰፈሩ። ከእነርሱም መካከል ሁለት ዓመት ያህል በዚያ የኖሩ ነበሩ።

በ1966 የአውራጃው ጥቁሮች የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ማንበብ የማይችሉ መራጮች ፓርቲውን እንዲለዩት ምልክት ማስፈለጉ አልቀረምና ጥቁር ግስላን መረጡ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የተመሠረተው የግስላዎቹ ፓርቲም ስሙን የወሰደው ከዚህች የገጠር አውራጃ ምልክት ነው። ይሁንና በኅዳሩ ምርጫ ካቀረቧቸው ዕጩዎች አንዱም አላሸነፈም። በቁጥር የሚበልጠው ሕዝብ በሣጥኑ ፊት አነሰ። ለምን ቢባል፣ የመሬቱ ባለቤት ሌላ ለሆነ ሰው ምሥጢር የተባለውም ድምፅ ሁልጊዜ ምሥጢር አይሆንለትም። ሕግ በአንድ ቀን ይፈረማል፤ ፍርሃት ግን ከሰው ልብ በአንድ ቀን አይወጣም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ያው ጆን ሂውሌት የአውራጃው ሸሪፍ፣ ማለትም የጸጥታ አለቃ ሆኖ ተመረጠ። በዚያች አውራጃ የጸጥታ ሹም የጥቁሩን ሕዝብ ይሁንታ ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ሥልጣኑ ከራሱ ከሕዝቡ እጅ ተሰጠ።

ያ ሕግ ዛሬ በሙሉ ኃይሉ የቆመ አይደለም። በ2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሌላ የአላባማ አውራጃ በቀረበለት ክርክር ውሳኔ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ አላባማን የመሰሉ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ለመለወጥ የፌዴራሉን መንግሥት ቅድመ ፈቃድ መጠየቅ ግድ አይሆንባቸውም። እኛም ከላውንድስ የምንማረው ይህን ነው፤ የመራጩን ቁጥር የሚያነብ ሰው ለመምረጥ የተከፈለውን ዋጋ አብሮ ይቁጠር።