ብሬከር የሚመረጠው በሽቦው ልክ ነው

ሆሳዕና፡- በ2015 ዓ.ም የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በሆነችው ሆሳዕና፣ እንዲሁም በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በአንጋጫና በሌሎች የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ከብሎኬት ሕንፃዎች ጎን ለጎን በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የተሠሩ መኖሪያ ቤቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ቤቶች የኤሌክትሪክ ሽቦው በእንጨቱ ላይና ከኮርኒሱ በላይ ስለሚያልፍ፣ ከልክ በላይ የጋለ ሽቦ ለመላው ቤት አደጋ ነው።

ብሬከር የሚገጠመው ቴሌቪዥኑን ወይም ማቀዝቀዣውን ለመጠበቅ እንደሆነ አድርገው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ዋነኛ ተግባሩ ግን ከእርሱ በኋላ ያለውን ሽቦ ከመቃጠል ማዳን ነው። በመሆኑም መጠኑ የሚወሰነው በመስመሩ ላይ ባለው እጅግ ቀጭን ሽቦ ነው።

በተለምዶ ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ በ10 አምፔር፣ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ደግሞ በ16 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል። 3 ሺህ 500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ስለዚህ ምጣዱ ከሌሎች ሶኬቶች ተለይቶ የ4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመርና የ20 አምፔር ብሬከር ቢኖረው ይመረጣል።

ችግሩ የሚጀምረው በተደጋጋሚ የሚወርደው ብሬከር በ32 አምፔር ሲተካ፣ ወይም የተቃጠለው ቫልቮላ በመዳብ ክር ሲታሰር ነው። በቀጭኑ የመብራት ሽቦ 25 አምፔር ቢያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ባለ 32 አምፔሩ ብሬከር ግን መጠኑ ስላልታለፈ አይወርድም።

በተለምዶ ኮንታክት የሚባለው የሽቦዎች መነካካት ሲፈጠር ጉዳቱ የሚደርሰው በቅጽበት ነው። 30 ሜትር ርዝመት ባለው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመር ጫፍ ላይ ኮንታክት ቢፈጠር፣ በራሱ በሽቦው መከላከል ምክንያት የሚያልፈው ኃይል ከ300 አምፔር ብዙም አይበልጥም። ይህ ኃይል የሽቦውን የፕላስቲክ ልባስ ለጉዳት እስከሚዳርገው 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማድረስ የሚፈጅበት ጊዜ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲ በተሰኘው ዓይነት ባለ 10 አምፔር ብሬከር ከ100 አምፔር በላይ ሲያልፍ ወዲያውኑ ይቆርጣል። የዚሁ ዓይነት ባለ 32 አምፔር ግን በቅጽበት ለመቁረጥ እስከ 320 አምፔር ሊጠብቅ ስለሚችል፣ ሽቦው ቀድሞት ይቃጠላል።

ከወፍራም መስመር ላይ ቀጭን ሽቦ ተቀጥሎ ወደ ማድ ቤት ወይም ወደ ሰርቪስ ክፍል ሲወሰድም ተመሳሳይ አደጋ አለ። መፍትሔው በመቀጠያው ላይ ለቀጭኑ ሽቦ የሚመጥን ብሬከር መግጠም ነው። ሰውን ከንዝረት ለመጠበቅ ደግሞ የመሬት ሽቦና በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ተራ ብሬከር ይህን አነስተኛ ፍሳሽ አይለይም።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ዝርጋታ የደንበኛው ኃላፊነት ነው። በ1987 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ ኮድ 10ኛው ክፍል የሕንፃዎችን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚመለከት ነው። ስለሆነም ለቢሮዎችና ለመንግሥት ቤቶች ጥገና የሚፈጽሙ ተቋማት በግዥ ዝርዝራቸው የብሬከሩን መጠን ከሽቦው ውፍረት ጋር አጣምረው ሊያሰፍሩ፣ በርክክብ ወቅትም ሁለቱ መጣጣማቸውን ሊያረጋግጡ ይገባል። ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ ተገቢው እርምጃ ትልቅ ብሬከር መግዛት ሳይሆን ባለሙያ ጠርቶ መስመሩን ማስፈተሽ ነው።