ሠንጠረዡ የማያሳየው ሠራተኛ

አገሮችን በሠራተኛ ሕጋቸው የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ሲያገኙ «ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል» የሚለውን ዓምድ አስቀድመው ይመልከቱ። ከዴንማርክ ትይዩ «የለም» ይላል። ከኢትዮጵያ ትይዩም፣ ለግሉ ዘርፍ፣ «የለም»። በዚህ ዓምድ ከሄድን የኮፐንሃገንና የደብረ ታቦር ተቀጣሪ አቻ ለአቻ ናቸው።

ዴንማርክ ወለሉን በሕግ ያልደነገገችው ስላልቸገራት ነው፤ ከ10 ሠራተኞች የስምንቱ ያህል ክፍያ የሚወሰነው ማኅበራቸው ከአሠሪው ጋር በሚፈርመው የኅብረት ስምምነት ነው። እኛ ዘንድ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። አዋጁ በወጣበት ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ። የባንግላዴሽ 95 ነበር።

ማኅበር የሌለው ሠራተኛ ታዲያ በምን ይደራደራል? መልሱን ሰሊጥ ያስተምረናል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት በደቡብ ጎንደር የጋይንት፣ የስማዳና የእብናት ወጣት ክረምቱ ሲገባደድ ወደ ቆላማው የመተማ ሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። ሰሊጥ እንደ ጤፍ አይታገሥም፤ ደርሶ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በአጨዳው ሰሞን ባለሀብቱ ሰው ይለምናል፣ ዋጋም ይጨምራል፤ ደገኛው ቆላ ገብቶ እምቢ የማለት አቅም ያገኛል። የዴንማርኩ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ የያዘውን ጉልበት የእኛው ለጥቂት ሳምንት ይበደረዋል። ሰሊጡ ሲሰበሰብ ጉልበቱም ያበቃል፣ ወባው ግን አብሮት አገር ሊገባ ይችላል።

ወደ ሌላው ዓምድ እንለፍ፤ የወሊድ ፈቃድ። በእኛ አዋጅ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። በሀብታሟ አሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም በዋናነት 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላለው ድርጅት። በወረቀት በልጠናል ማለት ነው! ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ጉሊት የዘረጋችው ነፍሰ ጡር ግን አሠሪ የላትም፤ ፈቃድ የሚፈርምላት ማን ነው? ጉና ተራራ ሥር ገብስና ድንች የሚያመርተው ቤተሰብም እንዲሁ። የቤት ሠራተኛዋ አሠሪ አላት፤ አዋጁ ግን የእሷን ጉዳይ ለብቻው ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። በእኔ ዕይታ የማንኛውም ሠንጠረዥ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው፤ ሕጉ ምን እንደሚል ይነግረናል፣ ስንቱን እንደሚያቅፍ አይነግረንም።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ለድሃው ገበሬ የቀረበው የሥራ ፖሊሲ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ውስጥ አይገኝም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነው። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት የታቀፈ ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ልኩ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን፣ በዓመት ስድስት ወር ሲሆን ክፍያው እህል ወይም ገንዘብ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ባለው መመሪያ ነፍሰ ጡሯ እርግዝናዋ በጤና ተቋም ከተረጋገጠ ጀምሮ ልጇ ቢያንስ ዓመት እስኪሞላው ከሥራው ነፃ ናት፤ ድርሻዋ ግን አይቋረጥም። አፈጻጸሙ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል፣ ክፍያው ሲዘገይም ቅሬታው የታወቀ ነው። ቢሆንም የጋይንቷ እናት በመመሪያ ደረጃ ከከተማዋ ተቀጣሪ የረዘመ ዕረፍት አላት፤ ይህን የሚመዘግብ ዓምድ ግን የለም።

ጡረታም እንደዚሁ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአገራችን የጡረታ ዐቅድ የታቀፈው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ዙምራ ኑሩ ፎገራ ውስጥ አውራ አምባ የተባለውን ማኅበረሰብ መሥርተው ነበር። እዚያ የወንድና የሴት ሥራ ተብሎ የተከፈለ የለም፤ ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ ይጋግራል፣ ሁለቱም ይሸምናሉ። ከሳምንቱ አንዱን ቀን ማኅበረሰቡ የሚሠራው ለችግረኞች ነው፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንም በአንድ ቤት እየታጠቡና እየበሉ ይኖራሉ፣ ወጪያቸውም የሚሸፈነው ከጋራ ገቢው ነው።