ስለ ቆራሌው ንግድ

ልጆች ሆይ፤ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ጆንያ አንግቶ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው ታውቁታላችሁ። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከማለት ያጠረ ነው ይላሉ። የሚገዛውም ባለቤቱ ጥቅም የለውም ብሎ በጓሮ የጣለውን ነው፤ የተበሳ ድስት፣ የዛገ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ያረጀ ጫማ።

ከገዛም በኋላ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምን አለሽ ተራ ይወስደዋል። በዚያ የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቁራል፤ ነገር ግን በርሜሉ ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በርባሶ ሆኖ ይወጣል።

የቆራሌው ትርፍ ከዕውቀቱ ነው። ነሐስና መዳብ ከብረት ይልቅ ውድ ናቸው፤ ዳሩ ግን ጥላሸት የለበሰ ነሐስ ብረት ይመስላል። ስለዚህ ብልህ ነጋዴ ማግኔት ያስጠጋበታል፤ ማግኔት ብረትን ይስባል፣ ነሐስንና መዳብን ግን አይስብም። ጥቂት ቢፍቀውም ቢጫው ወይም ቀዩ መልክ ይገለጣል።

እንዲህ ለይቶ በማወቁና በእግሩ በመድከሙ ቢያተርፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዲት ባልቴት አሮጌ ሙቀጫ አውጥታ «ይህ ምንድር ነው?» ብትለው፣ ነሐስ መሆኑን እያወቀ «ተራ ብረት ነው» ቢላት፣ ይህ ንግድ ሳይሆን ስርቆት ነው። ደግሞ ሕፃን ልጅ ደኅና ድስት ከቤት ይዞ ቢመጣ፣ ጨዋው ቆራሌው «ሂድ፣ እናትህን ጥራ» ይለዋል፤ እርስዋም እስክትመጣ ድረስ ድስቱን በእጁ አይነካም።